ድምፁ የእናንተ፣ ጣቱ የኔ

ቀን 1

ካርትሪጁን አወጣሁና እፍ አልኩበት። ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ። ግን የድሮ ጨዋታ እፍ ሳይባልበት አይጀመርም።

ሥራው ይህ ነው። «ፋየር ኤምብለም፦ ዘ ሴክረድ ስቶንስ»ን ከመግቢያው ጀምሬ እጫወታለሁ፤ ዋና ዋናውን ውሳኔ ግን እኔ አልወስንም። ተመልካቾቼ ድምፅ ይሰጣሉ፣ እኔ እፈጽማለሁ። ጨዋታው በ2004 እ.ኤ.አ. በጃፓን፣ በዓመቱ ደግሞ ከጃፓን ውጭ ጌም ቦይ አድቫንስ ለሚባለው የእጅ መጫወቻ የወጣ ነው። የሠራው ኢንተለጀንት ሲስተምስ ነው። ፋየር ኤምብለም እንደ ተከታታይ የተጀመረው በ1990 ሲሆን ይኼኛው ስምንተኛው ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ ሜዳው እንደ ቼዝ በካሬ የተከፋፈለ ነው። አንድ ተራ የኛ፣ አንድ ተራ የጠላት። ከቼዝ የሚለየው፣ እዚህ እያንዳንዱ ጠጠር ስም አለው፣ ፊት አለው፣ የሚያወራው ነገር አለው። ሲሞት ደግሞ ሞተ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ተነሥቶ አይመጣም። ብቻዬን ብዙ ጊዜ ተጫውቼዋለሁ፤ ሰው በሞተብኝ ቁጥር ምዕራፉን እንደ አዲስ እጀምረው ነበር። አንድም ቀን ሰው ሞቶብኝ ዝም ብዬ አልፌ አላውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የሞተ ሞተ። ከምዕራፍ በፊት አንድ ትልቅ ጥያቄ እለጥፋለሁ፣ ከስክሪኑ ፎቶ ጋር። ድምፅ መስጫው ለ24 ሰዓት ክፍት ነው። መሃል ላይ የሞት የሽረት ነገር ከመጣም ቆም ብዬ እጠይቃለሁ። አብላጫው ያለው ይሆናል፣ ቢያንገበግበኝም። ጨዋታውን የሚያውቁ ደግሞ ታሪኩን ለማያውቁት አይነግሩም። ያ ብቻ ነው። ድምፁ የእናንተ፣ ጣቱ የኔ።

ፎቶ ማንሣቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪን 240 በ160 ፒክስል ብቻ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ከጠላቱ ይልቅ የኔ ግንባር ነው የሚታየው። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ማንሣት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ድምፅ ስለ ክብደቱ ነበር። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ከባዱን መረጡ። ማን ከልክሏቸው፤ የሚለፋው ሌላ ሰው ነው።

ቀን 2፦ መግቢያ

የሬኔስ መንግሥት ወድቋል። ልዕልት ኤይሪካ ከአንድ ፈረሰኛ ጋር ትሸሻለች። ፈረሰኛው ሴዝ ይባላል። በግዕዝ ፊደል ስጽፈው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንዳለው «ሴት» ልለው ነበር፤ ግን «ሴት ፈረሷን ይዛ ሄደች» ዓይነት ንባብ ይመጣል። ሴዝ ይሁን።

የሴዝ ነገር የድሮ ክርክር ነው። ሁሉም ሰው ገና ጀማሪ በሆነበት ሰዓት እሱ ከፍ ባለ ማዕረግ፣ በብር ጦር ይመጣል። ብዙ ሰው «እሱ ከገደለ ልጆቹ ልምድ አያገኙም፣ አታስነካው» ይላል። እኔ አልስማማም። ሴዝ ሲያድግም ከብዙዎቹ ልጆች የተሻለ ያድጋል፤ ደረጃ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ የመጨመር ዕድሉ 50 ከመቶ ነው። ዕቁብ አይደለም፣ ለሁሉም እኩል ካልደረሰ የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ሐሳቤን ግን ዋጥ አድርጌ ጥያቄውን ለጠፍኩ፦ «ሴዝ ይዋጋ ወይስ አይዋጋ?»

አይዋጋ አሉ። ይባስ ብሎ አንዱ «ይሸከም እንጂ አይዋጋ» ብሎ ጻፈ፤ ሁሉም ተንጫጫ፣ ተቀበለው። በጨዋታው ውስጥ ፈረሰኛ ጓደኛውን አንሥቶ መሸከም ይችላል። ሲሸከም ቅልጥፍናውና ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። የመንግሥቱ ኃያል ፈረሰኛ ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው።

እንዳይሳሳት መሣሪያዎቹን ነጥቄ ለኤይሪካ ሰጠኋት። ጦር መያዝ እንጂ መጠቀም አትችልም፤ ዕቃ ሆኖ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀመጠ። ልዕልቲቱ የፈረሰኛዋን ጦር ተሸክማ፣ ፈረሰኛው ባዶ እጁን ደረቱን ሰጥቶ፣ ወደ ውጊያ ገቡ። ጠላቶቹ መጥረቢያ ያዦች ናቸው። ሰይፍ መጥረቢያን ያሸንፋል፣ መጥረቢያ ጦርን፣ ጦር ሰይፍን፤ የበላይነት ያለው 15 ነጥብ የመምታት ዕድልና 1 ነጥብ ጉዳት ይጨመርለታል፣ ሌላው ያንኑ ያህል ይቀነስበታል። ሰይፈኛዋ ኤይሪካ ያንን ይዛ አለቃቸውን ጣለችው። ስንት ተራ እንደፈጀብኝ አልናገርም።

ቀን 4፦ ምዕራፍ 1 እና 2

ምዕራፍ 1 ላይ ፍራንዝና ጊሊያም ተቀላቀሉን። ፍራንዝ ወጣት ፈረሰኛ፣ ጊሊያም በብረት የታሸገ ግድግዳ። አለፍን።

ምዕራፍ 2 ላይ ቫኔሳ መጣች፤ ክንፍ ባለው ፈረስ የምትበር። ከእሷም ጋር ቄሱ ሞልደር። መንደር የሚዘርፉ ሽፍቶች አሉ፣ ሮስ የሚባል ልጅም አለ። ሮስ ሲመጣ ደካማ ነው፣ በጣም። አባቱ ጋርሺያ ግን የድሮ ወታደር ነው፤ ልጁ ሄዶ ካናገረው ይቀላቀላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው እሮሮ ተነሣ። ጊሊያም 70 ከመቶ የመምታት ዕድል ይዞ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሳተ። «ጨዋታው ያጭበረብራል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያጭበረብራል። ግን ለኛ ነው የሚያጭበረብረው።

ይቺን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ ድምፅ አሰጣጡን ሁሉ ቀይራዋለች። ስክሪኑ 75 ሲል ጨዋታው አንድ ቁጥር አውጥቶ አይወስንም። ከ0 እስከ 99 ሁለት ቁጥሮች ያወጣል፣ አማካያቸውን ይወስዳል፣ እሱን ነው ከ75 ጋር የሚያመዛዝነው። የሁለት ቁጥር አማካይ ደግሞ ወደ መሃል መሰብሰብ ይወዳል። ዳር ላይ አይውልም። ስለዚህ 75 የተባለው በተግባር 88 ገደማ ነው። 90 ካለ 98። በተቃራኒው 30 ካለ ወደ 18 ይወርዳል፣ 10 ካለ 2 ብቻ ነው። ትልቁ ትልቅ፣ ትንሹ ትንሽ ይሆናል። የኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ፣ ጠላቶቹ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ስለሆኑ፣ ሒሳቡ ለኛ ያደላል። የጊሊያም 70 በእውነቱ 82 ነው፤ ሁለቴ መሳቱ ከመቶ ሦስት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። አጋጠመ።

ክሪቲካል፣ ማለትም አልፎ አልፎ የሚወጣው ከባድ ምት፣ ግን በዚህ አይመራም። እሱ የሚወሰነው በአንድ ቁጥር ነው፤ 23 ካለ 23 ነው፣ ጉዳቱም ሦስት ዕጥፍ።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ ተመልካቾቼ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ ሒሳብ ሠሪ ሆነ። ግማሹ ደግሞ «እኛ ታሪክ ነው የምንፈልገው» አለ። ከታሪኩ ወገን ነኝ ብዬ ነበር፣ በልቤ።

ቀን 7፦ ምዕራፍ 3 እና 4

ሌባው ኮልምና ቀስተኛዋ ኒሚ። አብሮ አደጎች ናቸው፤ እሷ በየሰበቡ ታለቅሳለች። ተመልካቹ «ጎን ለጎን ይቁሙ፣ አይለያዩ» አለ። ጨዋታው ውስጥ ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተራ ባሳለፉ ቁጥር ቅርበታቸው ይጨምራል፣ ያወራሉ፣ ሲዋጉም ይረዳዳሉ። ግን ስንት ተራ መቆም እንዳለባቸው የሚያውቅ ያውቃል። ሌላው ሲዋጋ እነሱ ሽርሽር ላይ ናቸው።

ምዕራፍ 4 ላይ ጭራቆቹ መጡ። አስማተኛዋን ሉትን ከመንደር ቤት አገኘናት። በትዕቢቷ የተነሣ ወዲያው ተወደደች። ድምፅ ሳልጠይቅ «ሉት አትሞትም» የሚል ትእዛዝ ደረሰኝ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ መስጫ የለንም ብዬ መለስኩ።

ቀን 9፦ ምዕራፍ 5

ይህ ምዕራፍ ለዚህ ዓይነት አጨዋወት የተሠራ ይመስላል።

ሴራፊው የምትባል ከተማ። ናታሻ የምትባል መነኩሲት ሬኔስን ከጣለው ከግራዶ ግዛት ሸሽታ ትመጣለች። መሣሪያ የላትም፣ ማከም ብቻ ነው የምታውቀው። ከጠላት ወገን ደግሞ ጆሹዋ የሚባል ሰይፈኛ አለ፤ ቁማርተኛ። ናታሻ ቀርባ ካናገረችው በሳንቲም ይወራረዳሉ፣ እሱም ከኛ ጋር ይሆናል። ችግሩ የያዘው ሰይፍ ነው። ክሪቲካል ላይ 30 የሚጨምር ሰይፍ ነው። ናታሻ ጋ ከደረሰ ውርርድ የለም፣ ቀብር ነው።

ጥያቄው፦ ይገደል? ይታለፍ? ወይስ ናታሻ ትሂድ? ገና ሳልለጥፈው መልሱን አውቄዋለሁ። ሒሳብ ሠሪዎቹም ሳይቀሩ «ትሂድ» አሉ። ግን እንዴት እንደምትሄድ አልነገሩኝም። እዚህ ላይ ነው የዚህ አጨዋወት ትልቁ ጉድ የገባኝ። ምን እንደሚደረግ እነሱ ይወስናሉ፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን እኔ ላይ ይቀራል። የሚገድለው ደግሞ ሁሌም «እንዴት» ነው።

ሴዝን አስታወስኩ። ይሸከም አላችሁ አይደል? ናታሻን ፈረሱ ላይ ጫናት፣ ከተማውን አቋረጠ፣ ከጆሹዋ ራቅ አድርጎ አወረዳት። ከዚያ ማንም እንዳይደርስባት መሣሪያ የሌለውን ሴዝን ፊት ለፊት ገተርኩት። ጆሹዋ የሚመታው ካገኘ እሱን ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነበር። የጆሹዋ ጉልበት 8፣ ሰይፉ 9፣ ሲደመር 17። የሴዝ መከላከያ 11። አንድ ምት 6 ትቀንሳለች፤ ክሪቲካል ከወጣ 18። የሴዝ ላይፍ 30። አይሞትም። የክሪቲካሉ ዕድል 23።

የጠላት ተራ መጣ። ጆሹዋ ተንቀሳቀሰ። ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ሰይፈኛው ለሦስት ተከፍሎ ዞረ፣ ክሪቲካል። 30 የነበረው 12 ሆነ። ሴዝ ባዶ እጁን ቆሞ ነበር፣ መልሶ መምታት እንኳ አልቻለም።

በኛ ተራ ናታሻ ሄደች፣ ተናገረች፣ ሳንቲሙ ተወረወረ። ጆሹዋ የኛ ሆነ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በዚያው ሰሞን «ድምፅ እኩል ከሆነስ?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። መልሱ ተገኘ፦ እኩል ከሆነ ሳንቲም። የጆሹዋ ሕግ ብለን አጸደቅነው።

ቀን 10፦ አጭሯ ምዕራፍ

ከምዕራፍ 5 በኋላ የኤይሪካ መንትያ ወንድም ኤፍሬም ያለበትን ያሳያል። ሦስት ፈረሰኞች ብቻ ይዞ ምሽግ ሊይዝ ነው፦ ፎርድ፣ ካይልና ኦርሰን። ኦርሰን ከሁሉም ይበረታል። «ማን ይምራ?» አልኳቸው። ኦርሰን አሉ፣ በአንድ ድምፅ ማለት ይቻላል። ጨዋታውን የሚያውቁት ዝም አሉ። ዝምታቸው ራሱ ሳቅ ነበረው።

ኦርሰን መራ፣ ገደለ፣ ልምዱን ሁሉ ወሰደ። ምዕራፉ ሲያልቅ ከሃዲ ሆኖ ተገኘ፤ ጌታውን ለጠላት አሳልፎ ሰጥቶ ሄደ። ጨዋታው ከወጣ 20 ዓመት አልፎታልና ታሪኩን አበላሸህ አትበሉኝ።

«ሴዝን ባዶ እጁን አስቁመን ኦርሰንን ሾምን» ብላ አንዷ ጻፈች። ያን ቀን ሌላ ማንም ምንም አልጨመረም።

ቀን 13፦ ምዕራፍ 6

ይህን የምጽፈው በማግስቱ ነው። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ምዕራፍ 6 ጭጋግ ነው። ከሰዎችህ ትንሽ ራቅ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ኖቫላ የሚባል ጨለማ አስማተኛ ሦስት ሰላማዊ ሰዎችን መያዣ አድርጓል፤ ግዙፍ ሸረሪቶች ወደ እነሱ ይሄዳሉ። ሦስቱም ከተረፉ ሽልማት አለ፦ ቀስተኛን ወደ ላቀ ማዕረግ የሚያሳድግ ዕቃ። ለኒሚ የሚሆን።

ሰዎቹ ጋ ቶሎ መድረስ የምትችለው በራሪዋ ቫኔሳ ናት። አንድ ሸረሪት ይታየናል። ቆምኩና ጠየቅሁ፦

«ቫኔሳ ትብረርና ሰዎቹን ትከላከል? ወይስ ሰዎቹ ይቅሩ?»

ትብረር አሉ። ማን «ይቅሩ» ይላል? ሒሳብ ሠሪዎቹም ሠርተውት ነበር፤ ሸረሪቱ አንድ ጊዜ ቢመታት አትሞትም፣ ግማሽ ላይፍ ይዛ ትቆያለች። እኔም ሠርቼዋለሁ። ልክ ነው፣ ለአንድ ሸረሪት።

በረረች። ሰዎቹ ፊት ቆመች። የጠላት ተራ መጣ። የመጀመሪያው ሸረሪት መታት። ከዚያ ሁለተኛው ከጭጋጉ ወጣ። ስክሪኑ 55 ይላል። ከላይ እንዳልኩት እውነተኛው 60 ነው። ሁለቱም የመምታታቸው ዕድል 36 ከመቶ፤ ከሦስት አንድ ጊዜ በላይ ማለት ነው። ሁለት ሸረሪት መሆኑን ብናውቅ ማንም ሰው በሰላሳ ስድስት ላይ አይወራረድም ነበር።

መታት። የመጨረሻ ቃሏን ተናገረች። ፊቷ ከስክሪኑ ጠፋ። ሙዚቃው ተቀየረ።

ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር፤ አልዋሽም። የረዥም ዘመን ልማድ ነው። ግን ይህ ጨዋታ ለዚያም መድኃኒት አለው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ራሱን ሴቭ ያደርጋል፤ አጥፍተህ ብትመለስ እዚያው ነህ፣ ቁጥሮቹም በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚወጡት። ያው ሸረሪት ያንኑ ምት ይመታታል። ምዕራፉን ከሥሩ መጀመር ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ደግሞ በሕግ ዘግተነዋል።

ሌሎቹ ደርሰው ሦስቱንም ሰዎች አተረፉ። ሽልማቱን ወሰድን። ኒሚ ገና ደረጃ 7 ናት፤ ዕቃው የሚሠራው ከ10 ጀምሮ ነው። ቦርሳ ውስጥ ተቀምጧል። ኒሚ አለቀሰች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እሷ ሁሌም ታለቅሳለች።

ውጤቱን ስለጥፍ ስድብ ጠብቄ ነበር። ስድብ አልመጣም። አንድ ሰው ብቻ፣ ለዘብ ባለ ቋንቋ፣ እንዲህ አለ፦ «ለምን ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጠኸን? ሴዝ ፈረስ አለው። መሣሪያውን መልሰንለት እሱን መላክ እንችል ነበር።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። በእርግጥ ሴዝ እንደ ቫኔሳ አይደርስም፤ አንድ ተራ ይዘገያል። ምናልባት አንድ ሰው እናጣ ነበር፣ ሽልማቱም ይቀር ነበር። ግን ቫኔሳ ትኖር ነበር። ያ ምርጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፣ ያልነበረውም እኔ ስላላሰብኩት ነው። እነሱ የመረጡት እኔ ካቀረብኩላቸው ውስጥ ነው። «ሕዝቡ ወሰነ» እያልኩ ስኩራራ የሰነበትኩት፣ ለካ ጥያቄውን የሚጽፈው ሰው ግማሹን ወስኖ ጨርሷል።

ቀን 14

አዲስ ሕግ። ማንኛውም ጥያቄ መጨረሻው ላይ ባዶ መስመር ይኖረዋል፦ «ሌላ»። ድምፅ ከመከፈቱ ሁለት ሰዓት በፊት ጥያቄው ራሱ ይለጠፋል፣ የፈለገ ያርመዋል።

የሴዝ ጉዳይም እንደገና ቀረበ። መሣሪያው ይመለስለት የሚለው አለፈ። ማንም አልተከራከረም። ጦሩን ከኤይሪካ ቦርሳ አውጥቼ ሰጠሁት።

ቀን 18፦ ምዕራፍ 7 እና 8

ሰባትን በሁለት ምሽት ጨረስኩት። የሚነገር የለውም፤ ሴዝ አለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አየን፣ በቃ።

ስምንት ላይ ኤፍሬም ሁለቱን ታማኞቹን ይዞ መጣ። መንትዮቹ ተገናኙ። ቲራዶ የሚባለው ጄኔራል ከነጋሻው ወደቀ። ሮስም እዚሁ ደረጃ 10 ገባ። ልጁ አሁን ወይ ተዋጊ ወይ የባሕር ወንበዴ ይሆናል። እኔ ተዋጊ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ አባቱም እሱው ነው። ተመልካቹ የባሕር ወንበዴ አለ፣ «አባቱን መምሰል የለበትም» በሚል። ውኃ ላይ መራመድ ይችላል፤ በኋላም በርሰርከር የሚባለው ማዕረግ ላይ ሲደርስ ክሪቲካሉ 15 ይጨመርለታል። ስሠራው እነሱ ልክ ነበሩ። ይህን ለመጻፍ ትንሽ አቅማማሁ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። ኤይሪካን ተከትለህ ወደ ራውስተን ትሄዳለህ፣ ወይም ኤፍሬምን ተከትለህ በቀጥታ ወደ ግራዶ ትዘምታለህ። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር የጠበቅሁት። ለማረም ሁለት ሰዓት ሰጠሁ። «ሌላ» የሚለው ላይ አንዱ «ከኦርሰን ጋር» ብሎ ጻፈ። ቀልዱ ገብቶናል።

24 ሰዓቱ ሲያልቅ 14 ለ14።

እያንዳንዱን ድምፅ ሁለቴ ቆጠርኩ። 14 ለ14። እንግዲህ የጆሹዋ ሕግ። ዘውድ ከሆነ ኤፍሬም፣ ጎፈር ከሆነ ኤይሪካ። ሳንቲሙን ወረወርኩ፣ አልጋ ሥር ገባ። ወለሉ ላይ ተኝቼ በስልክ መብራት ፈለግሁት። ሳልነካው ፎቶ አነሣሁት። ጎፈር።

ቀን 20

በዓለሙ ካርታ ላይ አሁን አንድ ግንብ ተከፍቷል፤ እየገቡ ጭራቅ መግደልና እንዳሻ ደረጃ መጨመር ይቻላል። ገብተን እንጠንክር ወይስ እንቀጥል? ድምፅ ሰጡ። ግንቡ ተከለከለ። «ቫኔሳ ግንብ አልነበራትም» የሚል ምክንያት ተሰጠ። ሒሳብ ሠሪዎቹ ነበሩ ይህን ያሉት።

ቀን 22፦ ምዕራፍ 9

የኪሪስ ወደብ። የባሕር ወንበዴዎች። ምዕራፉ እንደጀመረ ታና መጣች፤ የፍሬሊያ ልዕልት፣ ክንፍ ባለው ፈረስ የምትበር። ያው ዓይነት ፈረስ።

ገና ጥያቄ ሳልጽፍ ተመልካቹ ውስጥ አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ገባ። «ብቻዋን አትበርም» አሉ። በአጠገቧ ሰው ከሌለ ንቅንቅ እንዳትል። ጦር ይዛለች፣ ወንበዴዎቹ መጥረቢያ ናቸው፤ ለእሷ አይመችም። ስለዚህ ታና ምዕራፉን ከጆሹዋ ጀርባ ሆና ጨረሰች ማለት ይቻላል። ከጨዋታ አንፃር ካየነው ብክነት ነው። አልተቃወምኩም።

መሃል ላይ አሚሊያ ብቅ አለች። በጠላት ወገን የተሰለፈች፣ ደረጃ 1 የሆነች ልጅ። ጦሩ ራሱ ከእሷ ይረዝማል። ኤይሪካ ወይም ፍራንዝ ካናገሯት ትቀላቀላለች። ጥያቄውን ጻፍኩ፦ ኤይሪካ ታናግራት፣ ፍራንዝ ያናግራት፣ ትታለፍ። ቀጥሎ ባዶው መስመር። ለማረም ሁለት ሰዓት።

በሁለት ሰዓቱ ውስጥ አንድ እርማት መጣ። «ጥያቄህ ያልቃል ካናገሯት በኋላ። ከዚያስ? ልጅቷ ደረጃ 1 ናት፣ ዙሪያዋ ወንበዴ ነው። ማን ይወስዳታል?»

ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይኸው ነበር። «እንዴት» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱ ጠየቁ።

ጥያቄው ታርሞ ወጣ። ፍራንዝ ያናግራት የሚለው አሸነፈ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ከተዘረዘሩት አንዱም አላሸነፈም፤ ያሸነፈው ባዶው መስመር ላይ የተጻፈ ነው። ሁለት ቃል፦ «ሴዝ ይሸከማት።»

ፍራንዝ ሄደ፣ አናገራት፣ ልጅቷ ጦሯን አዞረች። ሴዝ ከኋላ ደረሰ፣ አነሣት፣ ፈረሱ ላይ ጫናት። ቅልጥፍናውና ፍጥነቱ በግማሽ ወረደ። በጠላት ተራ ሁለት ወንበዴዎች መጡበት። የመጀመሪያው ሳተው። ሁለተኛው መታው፤ ሴዝም መልሶ መታ። ጦሩ እጁ ላይ ነበር።

ሁለቱም እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ቆዩ። ኒሚ ደረጃ 9 ናት። የአሚሊያ ጥያቄ ነገ ይለጠፋል፤ ለማረም ሁለት ሰዓት አላችሁ።